ሸክላን ሳይጎዱ ወደ ዲጂታል የመገልበጥ አሠራር

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት የፒያሳና የአካባቢው አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ከእኛ ሰፈር በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ወደ ኮንዶሚኒየም ከተጓዘው የቤት ዕቃ መካከል ለዓመታት ከቁም ሣጥን አናት ያልወረደ የሙዚቃ ሸክላ ቁልል ይገኝበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘመድም የቀድሞ ጎረቤትም ሸክላውን በፌስታል ይዞ ይመጣና «እስቲ ይህን በፍላሽ አድርግልኝ» ይለኛል። ሥራውን ራሳቸው በቤታቸው ሊሠሩት ለሚፈልጉ ሰዎች ቅደም ተከተሉን እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

«ሸክላ ይሻላል ወይስ ሲዲ?» የሚለው ክርክር ከአቦል እስከ በረካ የሚያዘልቅ ቢሆንም፣ ለመገልበጥ ሥራ የሚጠቅመው ልዩነት አንድ ብቻ ነው። ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ለክቶ በ16 ቢት የሚያስቀምጥ የቁጥሮች ስብስብ በመሆኑ፣ ቁጥሮቹ በትክክል እስከተነበቡ ድረስ ቅጂው ከዋናው አይለይም፤ ኮምፒውተርም ሙሉውን አልበም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ገልብጦ ይጨርሳል። ሸክላ ግን ቁጥር የለውም። ድምፁ የሚወጣው መርፌ በሸክላው ገጽ ላይ በተቀረጸው ቀጭን ቦይ ግድግዳዎች መካከል ሲንቀጠቀጥ ስለሆነ፣ የቅጂው ጥራት የሚወሰነው መርፌው ሸክላውን በሚነካበት ነጥብ ላይ ነው፤ እዚያ የተበላሸውን ኮምፒውተር ይሸፍነው እንደሆነ እንጂ አይመልሰውም። ከዚህ በታች አብዛኛው ሐተታ ላፕቶፑ ከመከፈቱ በፊት ስለሚሠራው ሥራ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በእጅዎ ያለውን መለየት

ሸክላዎቹን አንድ በአንድ አውጥተው በሦስት ይመድቧቸው። የመጀመሪያው ትንሹ፣ 7 ኢንች ስፋት ያለውና በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ቤቶች በብዛት የሚገኘው እርሱ ነው፤ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ዘፈን ይይዛል። ሁለተኛው በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞረው ባለ 12 ኢንቹ ሎንግ ፕሌይ ነው። ሦስተኛው በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ጥንታዊው ዓይነት ሲሆን፣ ወፈር ያለ፣ ከበድ ያለና ቢወድቅ እንደ ገል የሚሰባበር ነው። ሸክላ የሚለው ስማችን በትክክል የሚገባው ለዚህ ለሦስተኛው ይመስለኛል፤ የኋለኞቹ ከፕላስቲክ የተሠሩ ሆነው ስሙን ብቻ ወርሰዋል።

ባለ 78ቱ ከተገኘ ለብቻው ይቀመጥ። የዚህ ዓይነቱ ሸክላ ቦይ ከ45ቱና ከ33ቱ በሦስት እጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ የተለየ ወፍራም መርፌ ይፈልጋል፤ የተለመደው ቀጭን መርፌ ከቦዩ ወለል ላይ እየተንሳፈፈ ጩኸት ብቻ ያነሣል። በተቃራኒው ባለ 45ቱን በእጅ በሚጠመዘዘው ባለ ቀንድ ግራሞፎን ላይ ለሙከራ ያህል እንኳ አያስቀምጡት። የዚያ ማሽን ራስ ከ100 ግራም በላይ ክብደት በብረት መርፌ ጫፍ ላይ ስለሚጭን፣ ፕላስቲኩን በአንድ ዙር ያርሰዋል።

ሁሉንም መገልበጥ ግዴታ አይደለም። አምሃ እሸቴ የሐገር ፍቅርን የሸክላ ማሳተም ብቸኛ መብት ተጋፍቶ እ.ኤ.አ. በ1969 በጀመረው አምሃ ሬከርድስ፣ እንዲሁም በካይፋ ሬከርድስ የወጡ በርካታ ሥራዎች ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ባዘጋጀው የኢትዮፒክስ ተከታታይ በሲዲ እንደገና ታትመዋል። በእጅዎ ያለው ሸክላ በጣም የተጫረ ከሆነና ያው ቅጂ በሲዲ የሚገኝ ከሆነ፣ ሲዲውን ገዝቶ መገልበጥ የሁለት ቀን ልፋት ያድናል። ጊዜዎን በሲዲ ላልወጡት ያውሉት፤ የተረሱ ድምፃውያን፣ የሁለተኛው ገጽ ዘፈኖች፣ የቤተሰብ አባል የተሳተፈባቸው ቅጂዎች ቅድሚያ ይሰጣቸው።

ማጫወቻውና የፍጥነቱ ነገር

በሻንጣ መልክ የሚሸጡት ርካሽ ማጫወቻዎች ዩኤስቢ ስላላቸው ምቹ ይመስላሉ። ይሁንና ብዙዎቹ መርፌውን የሚጭኑት በ4 ወይም በ5 ግራም ክብደት ሲሆን፣ ክብደቱን ማስተካከያም የላቸውም፤ ደኅና ማጫወቻ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ይበቃዋል። ለአንድ ለማይገኝ ሸክላ እንዲህ ያለውን ሻንጣ አልመክርም። ከጥንት ዕቃ ሻጮች የሚገኝ የ1960ዎቹ ወይም የ1970ዎቹ ማጫወቻ፣ ሬዲዮ ሠሪ ዘንድ ቀበቶው ተቀይሮና ዘይቱ ታድሶ፣ በላዩም አዲስ መርፌ ቢገባለት ይበልጣል። አሮጌ መርፌ ግን በምንም ምክንያት አይጠቀሙ። የአልማዝ መርፌ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ያህል ያገለግላል፤ በገዙት ማጫወቻ ላይ ያለው ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚነግርዎ ሰው አይኖርም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፣ እኔም የተሳሳትኩበት ቦታ ላይ ደርሰናል። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ጥሩ ማጫወቻ አመጣችልኝ። 110 ቮልት ስለሚል ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዛሁለት፤ ያለ ችግር ሠራ። በሦስት ቅዳሜ 27 ሸክላ ገለበጥኩ። አራተኛው ቅዳሜ ላይ በአንድ ወቅት ሳክስፎን ይጫወቱ የነበሩ ጎረቤታችን ጋሼ ቡና ሊጠጡ ገብተው ትንሽ ካዳመጡ በኋላ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ምነው ልጄ፣ ይህን ሰውዬ ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» አሉኝ። እኔ የመሰለኝ የዘፋኙ ድምፅ ወፍራም ሆኖ የተፈጠረ ነበር። እርሳቸው ግን ዜማውን በቀስታ እያንጎራጎሩ ከሚያውቁት ቦታ ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ማለቱን አሳዩኝ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የዚያ ማጫወቻ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስነው በቮልቱ ሳይሆን በመብራቱ ድግግሞሽ ነው። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ዑደት ሲኖረው የእኛ 50 ነው፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል እንጂ ድግግሞሹን አይነካም። ስለዚህ በደቂቃ 45 ጊዜ ሊዞር የሚገባው 37 ተኩል ጊዜ ብቻ ይዞራል። በኮምፒውተር ፍጥነቱን 1.2 እጥፍ ከፍ በማድረግ ዜማውን ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን ፎኖ ፕሪአምፑ (ከመርፌው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው መሣሪያ) ባስና ቀጭን ድምፅን ሲያመጣጥን የሠራው በተሳሳተው ፍጥነት ላይ ስለሆነ የድምፁ ቅላፄ ሙሉ በሙሉ አይስተካከልም። እኔ 27ቱንም እንደገና ገለበጥኳቸው።

ስለዚህ ማንኛውንም ማጫወቻ ከመጠቀምዎ በፊት ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። «50/60» የሚል ከሆነ፣ ወይም እንደ ስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት በሚቀበል አዳፕተር የሚሠራ ከሆነ አያሳስብም። «60» ብቻ የሚል ከሆነ ለ50 የሚሆን መዘውር ከአምራቹ ማፈላለግ ወይም ቶርኖ ቤት ዲያሜትሩን በ1.2 እጥፍ ማስቀረጽ ያስፈልጋል። ቀጥሎ በዓይንዎ ያረጋግጡ። በማይጠቅም ሸክላ ጠርዝ ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት ይለጥፉና፣ መርፌው ሸክላው ላይ እያለ በስልክዎ ሰዓት ሦስት ደቂቃ ይቁጠሩ። በ33⅓ ፍጥነት በትክክል 100 ዙር መሆን አለበት፤ 83 ከቆጠሩ እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ ውስጥ ነዎት ማለት ነው።

ማጠብ

የአዲስ አበባ ሸክላ ሦስት ጠላቶች አሉት፤ የበጋ አቧራ፣ የጣት ቅባትና የዕጣን ጢስ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ማጫወቻው ረከቦት በሚቀርብበት ሳሎን ለሠላሳ ዓመት ከቆመ፣ በቦዩ ውስጥ ያለው ቆሻሻ በደረቅ ጨርቅ የማይለቅ ቅባታም ጥቀርሻ ሆኗል።

ለማጠቢያ የሚያስፈልገው ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው ዓይነት የተጣራ ውኃ ነው፤ ሲገዙ ግን በስሕተት አሲዱን እንዳይሰጡዎ ጽሑፉን ያንብቡ። የቧንቧ ውኃ ሲደርቅ ነጭ ጨው ስለሚተው ለመጨረሻው ማለቅለቂያ አይሆንም። በአንድ ሊትር ውኃ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ሽታና ቀለም የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ይጨምሩ። ለ45ቱና ለ33ቱ ጥቂት ንጹሕ አልኮል መቀላቀል ይቻላል፤ ለባለ 78ቱ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ አልኮል የተሠራበትን ሙጫ ያሟሟዋል፤ ከታጠበ በኋላ የደበዘዘ ገጽ እንጂ ዘፈን አይቀርም።

ሸክላውን በንጹሕ ፎጣ ላይ አስተኝተው የመሐል ወረቀቱን እንዳያርሱ እየተጠነቀቁ፣ ለስላሳ ብሩሽ ወይም የመነጽር መጥረጊያ ዓይነት ጨርቅ በፈሳሹ ነክረው በቦዩ አቅጣጫ ዙሪያውን ይጥረጉ እንጂ ከመሐል ወደ ዳር አይፈትጉ። ያረጀ ነጠላ ለስላሳ ስለሆነ የሚሆን ይመስላል፤ ነገር ግን ድርና ማጉ ብናኝ ይተዋል፤ ብናኙንም መርፌው ይሰበስበዋል። በተጣራው ውኃ ብቻ ካለቀለቁት በኋላ እንደ ሳህን ጠርዙ ላይ አቁመው በጥላ ያድርቁት። ፀሐይ ላይ የሚያሰጣ ሰው አይቻለሁ፤ ሸክላው ከሰዓት በኋላ እንደ ጎድጓዳ ትሪ ሆኖ ተነሣ።

መርፌ፣ ገመድና ጉርምርምታ

የመርፌውን ክብደት ወርቅ ቤቶች በሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይለኩ። የክንዱን የኋላ ሚዛን እያዞሩ ክንዱ በአየር ላይ ተንሳፍፎ እስኪቆም ካስተካከሉ በኋላ፣ የካርትሪጁ (መርፌው የሚሰካበት፣ በክንዱ ጫፍ ያለው ዕቃ) አምራች ወደሚለው መጠን፣ ብዙውን ጊዜ ወደ 1.8 ግራም አካባቢ ያምጡት። ሲያሳንሱት ሸክላው የሚድን ይመስላል፤ ይሁንና ቀለል ያለ መርፌ ከቦዩ ግድግዳ ጋር እየተላተመ ይዘላል፤ ከትክክለኛው ክብደት ይልቅ የሚጎዳውም እርሱ ነው።

ከካርትሪጁ የሚወጣው ድምፅ 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። በተጨማሪም ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ይጨመራል፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጋራ ደረጃ ሆኗል። ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው መሣሪያ ድምፁን ያጎላል፣ ያንን ማዛባትም መልሶ ያቃናል። ማጫወቻውን በቀጥታ ከላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ጋር የሚያገናኝ ሰው ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ቢሆንበት ጥፋቱ የሸክላው አይደለም። ከፕሪአምፑ የሚወጣው ገመድ በዩኤስቢ የድምፅ ካርድ በኩል ወደ ላፕቶፑ ይገባል።

በአሮጌ ቤቶች ሶኬቱ የምድር ሽቦ ስለማይኖረው «እምምም» የሚል ዝቅተኛ ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ከማጫወቻው የሚወጣውን ቀጭን የመሬት ሽቦ ከፕሪአምፑ ብሎን ጋር ያሥሩት፤ ሁሉንም መሣሪያ በአንድ ዲቫይደር ላይ ይሰኩ፤ ላፕቶፑን በባትሪው ብቻ ያሠሩት። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ይበቃል። ወለሉ ጣውላ ከሆነ ማጫወቻውን ከግድግዳ ጋር በተያያዘ መደርደሪያ ላይ ማድረግ ይመረጣል፤ አለበለዚያ የእርምጃዎ ድምፅም ይቀዳል።

መቅዳት

ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለዚህ ሥራ ይበቃል። ስቴሪዮ፣ 44,100 ድግግሞሽና 24 ቢት ይምረጡ። መጀመሪያ የሸክላውን ጩኸታም ክፍል፣ ብዙውን ጊዜ የነፋስ መሣሪያዎቹ አብረው የሚገቡበትን ቦታ አጫውተው፣ ከፍተኛው መጠን ከዜሮ በታች 6 ዲሲቤል አካባቢ እንዲሆን ያስተካክሉ። መጠኑ ዜሮን ከነካ ድምፁ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውም አይመለስም። ዝቅ ብሎ ከተቀዳ ግን 24 ቢት በቂ ሕዳግ ስላለው በኋላ ማጉላት ይቻላል።

ስፒከሮቹን ዘግተው በሄድፎን ያዳምጡ። ስልክዎን ከገመዶቹ ያርቁ። መቅጃውን ካስጀመሩ በኋላ መርፌውን ያውርዱ፤ ገጹ እስኪያልቅም አይቁረጡ። መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ክንዱን አንሥተው ማጫወቻውን ከሶኬት ይንቀሉና፣ መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋጋ ይጠብቁ፤ ገጹንም ከመጀመሪያው እንደገና ይቅዱ፤ ሁለት ግማሽ ቅጂዎችን መቀጠል አይመከርም። ተጫውቶ ያለቀውን ገጽ ወዲያው ደግመው አያጫውቱ፤ ፕላስቲኩ ከመርፌው ሙቀትና ጫና እንዲያርፍ ጥቂት ሰዓት መስጠት ልማዴ ነው።

የተቀዳው ጥሬ ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ። ማጽዳት የሚሠራው በግልባጩ ላይ ነው። ጠቅታዎቹን የሚያስወግደው ማጣሪያ በልክ ሲሆን ይጠቅማል፤ ሲበዛበት ግን የከበሮውን ጫፍና የክራሩን ምት ጠቅታ መስሎት ይበላዋል። የማያቋርጠውን የሽሽታ ድምፅ ለማጥፋት መሞከር ደግሞ ዘፋኙን በርሜል ውስጥ ያስገባዋል። እኔ ትልልቆቹን ጠቅታዎች በእጅ እየመረጥኩ አስወግጄ የቀረውን እተወዋለሁ።

በየትኛው ፎርማት ይቀመጥ?

የሲዲ ደረጃ ከጸጥታ እስከ ከፍተኛው ድምፅ 96 ዲሲቤል ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ጥሩ ሸክላ 70 አካባቢ ቢደርስ ነው፤ ስለዚህ ሸክላ ላይ ያለው ሁሉ በሲዲ ደረጃ ፋይል ውስጥ ተርፎት ይገባል። ዋናውን ቅጂ ፍላክ (FLAC) በሚባለው የፋይል ዓይነት ያስቀምጡ። ፍላክ ቦታ የሚቆጥበው ከድምፁ አንዳች ሳይጥል ሲሆን፣ ኤምፒ3 ግን ጆሮ አይለየውም ብሎ የገመተውን ይጥላል። ኤምፒ3ን ለመኪናና ለስልክ ብቻ፣ በ320 ኪሎቢት፣ ከፍላኩ ያውጡ፤ ከኤምፒ3 ሌላ ኤምፒ3 ማውጣት ግን የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ነው። ስለ ቦታ አይጨነቁ። 100 ባለ 45 ሸክላ በገጽ ሦስት ደቂቃ ተኩል ቢይዝ 700 ደቂቃ ይሆናል፤ በ24 ቢት ሳይታመቅ እንኳ 11 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ ይችለዋል። በቤት የተቃጠለ ሲዲን ግን እንደ መጠባበቂያ አይቁጠሩት፤ ቀለሙ በብርሃንና በሙቀት እየደበዘዘ ሳይነበብ ይቀራል። ቀድሞ ያቃጠሏቸው ሲዲዎች ካሉዎት ሸክላው ይቆይና እነርሱን በቅድሚያ ይገልብጡ።

ስም መስጠት

ብዙ ሰው የሚቻኮልበት ይህ ሥራ በአማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ ሰው «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ከጻፈ ኮምፒውተሩ ሁለት ዘፋኞች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። በሸክላው ወረቀት ላይ ያለውን አጻጻፍ ሳይለውጡ ይውሰዱና በአንድ ደብተር ላይ የስም ዝርዝር አዘጋጅተው ሁልጊዜ ያንኑ ይከተሉ። ወረቀቱ ላይ ያለው ዓመት የኢትዮጵያ ከሆነ «ዓ.ም.» የሚለውን አይርሱ፤ 1965 ዓ.ም. ያለ ምልክት ከተጻፈ የውጭ ሰው ሸክላውን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። የመለያ ቁጥሩን፣ እንዲሁም ከወረቀቱ አጠገብ ባለው ለስላሳ ቦታ ላይ የተጫረውን ጥቃቅን ጽሑፍ በመብራት አዘንብለው አንብበው ይመዝግቡ። የመሐል ወረቀቱን የሁለቱንም ገጽ በስልክ ፎቶ ያንሡ። አንዳንድ የመኪና ማጫወቻ ፊደላችንን በአራት ማዕዘን ሳጥኖች ስለሚተካ፣ ለመኪናው ፍላሽ የፋይሉ ስም ቁጥር ብቻ ቢሆን ይሻላል።

ዘመዶችዎ ዘፈኑን ኢንተርኔት ላይ ጫንልን ማለታቸው አይቀርም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል መጠቀሚያ የሚሆን አንድ ቅጂ መውሰድን ይፈቅዳል፤ ማሰራጨትና መሸጥ ግን የባለ መብቱን ፈቃድ የሚጠይቅ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ፍላኮቹን በሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ላይ አድርገው አንዱን ከቤትዎ ውጭ፣ ለምሳሌ በእህትዎ ቤት ያኑሩት። ሸክላዎቹን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አያስቀምጡ፤ እንደ መጻሕፍት አቁመው፣ ሳይጣበቡና ሳይጋደሉ፣ ፀሐይ በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ይደርድሯቸው። በየከረጢታቸው ውስጥ የተገለበጡበት ቀን፣ የመርፌው ዓይነትና የፋይሉ ቁጥር በእርሳስ የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ይግባ።